«የታላቄ ነው»

በእኛ ዘመዶች ዘንድ ታላቅ ወንድም በሕይወት እያለ ታናሹ «የኔ መሬት» አይልም። ዕድሜ ልኩን ቢያርሰውም «የታላቄ ነው» ይላል። ታላቁ ደግሞ ወዲያው ቀበል አድርጎ «ኧረ የራሱ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ!» ማለት አለበት። ጨዋነቱ የሚሞላው በሁለቱ ነው።

አጎቴ ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ያለውን የእንሰትና የቡና ማሳ ሲቆፍሩ ነው የኖሩት። ታላቃቸው አባቴ በልጅነቱ ከተማ ገብቶ እዚያው ሀዋሳ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ሱቅ ከፍቷል፤ ዶማ ይዞ አይቼው አላውቅም። ቆጮው ሲላክለት ግን ይበላል፣ ያውም «ኮምጥጧል» እያለ።

ከተማው ወደ ማሳዎቹ ሲጠጋ ገበሬዎቹ «መሬታችን በስማችን ይመዝገብልን» ብለው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ከረሙ። ያልተመዘገበ ገበሬ መሬት ጠራጊው ግሬደር የመጣ ዕለት «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ነው የሚባለው፤ ምትክ ቦታም የሚሰጠው ስሙ ለተጻፈ ብቻ ነው። በስንት ልመና መዝጋቢዎቹ መጡና ድንበሩን እየዞሩ፣ በጎረቤት ፊት «ይሄ የማን ነው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። አጎቴ ቆባቸውን አውልቀው «የታላቄ ነው» አሉ። ጎረቤቶቹ እየሳቁ «ለክብር ብሎ ነው እንጂ የራሱ ነው» ቢሉም መዝጋቢው የአባቴን ስም ጻፈ። አባቴ እዚያ አልነበረማ! ቀበል የሚያደርግ ሰው ጠፋ።

እኔ ስሰማ ሳቅኩ፣ እውነቴን ነው። አባቴ ሄዶ አንዲት ቃል ይተነፍሳል፣ ነገሩ ያልቃል አልኩ። ለአጎቴ ያስገባሁት አቤቱታ በሚሰማበት ቀን ሁለቱንም ይዤ ቢሮው ሄድኩ።

«አባባ፣ ያረሱት እርስዎ ነዎት?» አለ ኃላፊው።

«እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ።

«ታዲያ መሬቱ የማን ነው?»

አጎቴ አባቴን አዩት። እኔም አየሁት። አባቴ ስልኩን ይነካካል።

«አባዬ፣ ተናገር እንጂ!»

«ራሱ ተናግሯል እኮ፣ እኔ ምን ልጨምር?» አለ።

ቱ! የአንድ እናት ልጅ! «ሕጉ እኮ የሚያርሰውን ነው የሚያውቀው» ብዬ ብጮህ ኃላፊው «አንደበታቸው መስክሯል» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ወደ አጎቴ ዞርኩ።

«በእግዚአብሔር፣ አንዴ ብቻ ‹የኔ ነው› ይበሉ!»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ወንድማቸውን እንደገና አዩትና «ታላቄ ዝም ካለ እኔ ምን አፍ አለኝ፣ ልጄ?» አሉ።

ኃላፊው አይደለም ያስጠላኝ፤ የቢሮ ሰው ምን ጊዜም የቢሮ ሰው ነው። የወንድሙን ጨዋነት አይቶ በዚያው የሚዘርፍ ሰው ነው ያንገሸገሸኝ። ሌባ እንኳ አፍሮ ይደበቃል። ይሄኛው ግን ኮቱን አስተካክሎ፣ እጅ ነስቶ ወጣ።

አጎቴ «በእግሬ እሄዳለሁ» ብለው ተለዩን። እኔና አባቴ ወደ ሰፈራችን ወደ ታቦር ባጃጅ ያዝን። ትንሽ እንደሄድን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ምን ያስኮርፍሻል? ከተማው እስኪወስደው ይረሰው፣ ማን ከለከለው? ምትክ ቦታው እንደሆነ ላንቺው ነው፤ ቤት ትሠሪበታለሽ።»

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ታቦር ገና ሩቅ ነበር። ወርጄ መንገድ ዳር ምራቄን ተፋሁ።