ያልተለቀሰላት ልጅ ሥዕል

ልጄ ሞታ ስትወለድ ለቅሶ የደረሰን የለም። ድንኳን አልተጣለም፤ ዕድርም አልተጠራም። ላምበረት አጠገብ ወዳለው ቤታችን ባዶ እጄን ስመለስ፣ ጎረቤቶቼ አጥሚት ይዘው መጡና «ገና ልጅ ነሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ብለውኝ ሄዱ። ባለቤቴ ከወንድሙ ጋር ወስዶ ነው የቀበራት። የት እንደሆነ ስጠይቀው «ተይው በቃ» ይልና ፊቱን ያዞራል። ጡቴ ግን መሞቷን አላወቀም፤ ወተቱ ቀሚሴን ያርሰው ነበር።

ማልቀስም አቃተኝ። በወለድኩበት ሐኪም ቤት የምትከታተለኝ ነርስ፣ «መናገር ካቃተሽ ሣዪው። ለማንም ማሳየት የለብሽም» አለችኝ። ሥዕል ከትምህርት ቤት ወዲህ ሞክሬ አላውቅም። ደብተርና የቀለም እርሳስ ገዛሁ። መጀመሪያ ገጹን በጥቁር ብቻ ሞላሁት። በሌላ ቀን፣ ሳትወለድ የገዛሁላትን ቢጫ ካልሲ ሣልኩ። እኩል አልመጣልኝም፤ አንዱ ከአንዱ ይበልጣል። እሱን እያየሁ ዕንባዬ መጣ።

ቢጫው ቶሎ አለቀ። ሌላ ልገዛ ሱቅ ስመለስ ባለሱቋ፣ «ተማሪ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። ከስልጤ የመጡ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው።

«የለኝም። እኔው ነኝ የምሥለው።»

«ምን ትሥያለሽ?»

ነገርኳቸው። ሲመዝኑ የነበረውን ስኳር ትተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እኔም አንድ አለችኝ» አሉ። «ልጆቼ እንኳን አያውቁም። አታልቅሺ ስባል ጊዜ ተነሥቼ ሱቄን ከፈትኩ።»

አብረን እንሣል ብያቸው እሑድ ከሰዓት ሱቃቸውን ዘግተው ቤቴ መጡ። እርሳሱን የያዙት እንደ መርፌ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ» ሲሉ ቆይተው ትንሽ ፍራሽ ሣሉ፤ ላዩ ላይ ማንም የለም። በሚቀጥለው እሑድ እንደ እኛው ልጅ ያጣች ሌላ ሴት ይዘው መጡ፤ እሷም ጎረቤቷን አመጣች። ቤቱ ሲጠበን ወደ እንጦጦ ፓርክ እየወጣን ሣር ላይ መቀመጥ ጀመርን። አንዷ አበባ ብቻ ነው የምትሥለው። ሌላዋ ደብተሯን ሳትከፍት አልቅሳ ትሄዳለች። ሌላ ይሰጥሻል የሚል ሰው ግን በመሃላችን አልነበረም።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ዕቃችንን ተሸክሞልን አብሮን ወጣ። ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሲያየን ቆየና፣ መጥቶ እርሳስ ጠየቀኝ። ጠመዝማዛ መንገድ ሣለ፤ ከመንገዱ በታች ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር ትንሽ የአፈር ክምር።

«እዚህ ናት» አለኝ። «ከኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ። ብነግርሽ ሄደሽ የምትመለሺ አልመሰለኝም።»

ሁላችንም ተነሥተን ሄድን። ቦታውን ግን ለይቶ ማግኘት አልቻለም፤ ክረምቱ አፈሩን ደልድሎታል። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቆይቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ መንገድ ዳር ሆነው ጠበቁን፤ እንሂድ ያለን የለም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አብረን ወረድን።