ስኳር የተጠቀለለባት የመጨረሻ ወረቀት

ይህ ነገር የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። ጎንደር ላይ “ደፋር ማነው?” ብላችሁ ብትጠይቁ እኔን ነው የሚያሳዩአችሁ፤ ካላሳዩአችሁም እኔው ራሴ እነግራችኋለሁ። እንዲህ ያለሁትን ሰውዬ አንዲት የልጆች መጽሐፍ አንገቴን አስደፋችኝ። ለዚያ ነው የማልረሳው።

ሥራዬ ሬዲዮ ጥገና ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ከተማው ውስጥ ያልፈታሁት ሬዲዮ የለም፤ አንዳንዶቹንም መልሼ ገጥሜያቸዋለሁ። ማንበብም የቻልሁት የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ነው። የጓደኛዬ የኑሩ አባት አያ እንድሪስ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ነበራቸው። ስኳርና ጨው የሚጠቀልሉበት አሮጌ መጽሐፍ በጆንያ ይገዙ ነበር። ልጆች ሳለን እኔና ኑሩ ክምሩ ላይ ተቀምጠን፣ ያልተቀደደውን ሁሉ እናነባለን። ፊደሉን ኑሩ አሳይቶኛል፤ የቀረው የራሴ ጭንቅላት ነው።

አንድ ቀን የምታስፈራ የልጆች ልብወለድ አገኘን። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ፣ ሰው የሸሸው አሮጌ ወፍጮ ቤት ትገባለች። ድንጋዩ ያለ ውኃ ይዞራል። እኔ ጀግናው የኑሩን ክንድ ይዤ ነው ያነበብሁት። ልጅቱ ገብታ በሩ ሲዘጋ መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻዋ ወረቀት የለችም።

“ስኳር ተጠቅልሎባት ሄደች” አለኝ ኑሩ። “ግን እኔ ቀድሜ አንብቤያታለሁ። ወንድሟን ይዛ፣ ሁለቱም ዱቄት ለብሰው እየሳቁ ይወጣሉ።”

እፎይ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በዚያ ክረምት እንግዲህ፣ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ያችኑ መጽሐፍ ሙሉዋን አገኘኋት። ኑሩ ያን ጊዜ ጉበቱን ታሞ፣ ሐኪሞቹም “ቤቱ ይረፍ” ብለው መልሰውት ተኝቷል። ላስቀው ብዬ ይዤለት ሄድሁ።

“ተነሥ አንተ ሽማግሌ! ወፍጮ ቤት ልንገባ ነው” አልሁት።

“ክንዴን የማትይዝ ከሆነ አንብብ” አለኝ። ክንዱ የሚያዝ አልነበረም፤ አጥንት ብቻ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ ድምፄን እያወፈርሁ አነባለሁ። መጨረሻዋ ወረቀት ላይ ስደርስ ቀድሜ በዓይኔ አየኋት። ልጅቱ አትወጣም። እናቷ ደጅ ቆማ ስሟን ትጠራለች፤ ከውስጥ የሚሰማው የድንጋዩ ድምፅ ብቻ ነው። አለቀ።

ሊሞት ለደረሰ ሰው ይህ ይነበባል? ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ “ሁለቱም ዱቄት ለብሰው እየሳቁ ወጡ” ብዬ መጽሐፉን ከደንሁት።

ኑሩ ዓይኑን እንደጨፈነ ሳቀ። “አይ ውሸታም! እሷ ውሸት እኮ የኔ ናት።”

“ምነው? የምን ያንተ?”

“ወረቀቷን የቀደድኋት እኔ ነኝ። ለአንዲት ሴትዮ ስኳር ጠቀለልሁባት። ያን አንብበህ ቢሆን በጨለማ የቀሐን ወንዝ ተሻግረህ ቤትህ ትገባ ነበር?” ትንሽ አረፈና፣ “ይኸው ስንት ዓመት ብቻዬን ስፈራት ኖርሁ። በል አሁን እውነተኛውን አንብብልኝ፤ ሁለት እንሁን” አለኝ።

እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበብሁለት። ስጨርስ ክንዱን ይዤው ነበር፤ መቼ እንደያዝሁት አላውቅም።

ከመስቀል በፊት ቀበርነው።

መጽሐፏ አሁን ከሬዲዮዎቹ መሀል መደርደሪያዬ ላይ ናት። ጉራዬን አልተውሁም፤ ሰው ሲመጣ እቀልዳለሁ፣ እስቃለሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ወፍጮው ይሰማኛል። ያን ሁሉ ዓመት ኑሩ ነበር የፈራልኝ። አሁን ተራው የኔ ነው።