የያሲን መኪና

በቀደም ለኩላሊት እጥበት ሄጄ የገጠመኝን ስሙኝማ። ከቡራዩ ተነስቼ አዲስ አበባ የምደርሰው ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍቼ ነው። ታናሽ ወንድሜ ገመቹ ይዞኝ ይሄዳል፤ መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጭብኝ ቆይቶ፣ እኔ ማሽኑ ላይ ስሆን ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ያንኮራፋል።

ከጎኔ የሚታጠበው ያሲን የሚባል የመናዊ ስደተኛ ነው፤ አማርኛውን ለምዶታል። እሱን የእርዳታ ድርጅት መኪና ከቤቱ በር ታነሳዋለች፤ ሲጨርስ መልሳ እዚያው ታወርደዋለች። የእጥበቱ ክፍያም አይመለከተውም። እሱ እንግዳው ጋቢና ተንደላቆ፣ እኔ በገዛ አገሬ የታክሲ ረዳት እየገፋኝ! ከበሽታው ይልቅ ቅናቱ ሊገድለኝ ነበር።

ያን ቀን አላስቻለኝም።

“ያሲን፣ እስቲ መኪናህን ለአንድ ቀን እንኳ ስጠኝ” አልኩት።

“እንለዋወጥ” አለኝ።

“በምን?”

በአገጩ በመካከላችን የሚያንኮራፋውን ገመቹን አሳየኝ። “በወንድምሽ።”

ሳቄ መጣ። “ውሰደው! ማንኮራፋቱን ግን ትችለዋለህ?”

እሱ አልሳቀም። “ኩላሊት ሊሰጥህ የሚችለው ዘመድ ብቻ ነው አሉኝ። የእኔ ዘመዶች ሁሉም የመን ናቸው፤ መምጫ የላቸውም” አለና ወንድሜን ትክ ብሎ ያየው ጀመር። እኔ መኪናውን የማይበት ዓይን ነበር።

ገመቹ ባነነ። “ማል? ምን ተባለ?”

“ምንም” አልኩት። “ወንበርህን አንሳና ወዲህኛው ጎኔ ና።”