በውሾች አንገት ያሰርሁት ጥቁር ክር

ከዓመታት በፊት በተከተቡ ውሾች አንገት የማስረው ቀይ ክር ያለቀው ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ልብ ያልሁት ክትባቱ ከበረዶ ሳጥኑ ከወጣ ምን ያህል እንደቆየ ለማወቅ ስል ነበር፤ ሳልረሳው የቀረሁት ግን በኋላ በመጣው ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት አሁን በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ካርቶን መጣ። ስከፍተው ለተከተቡ ውሾች መለያ የሚሆን አረንጓዴ የፕላስቲክ የአንገት ማሰሪያ ሞልቶበታል። ባልደረቦቼ ጥንካሬውን እየሳቡ ሲሞክሩ እኔ አንዱን በእጄ አገላብጬ አየሁት። ያኔ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ ማሰብ ጀመርሁ፤ ከዚያ ደከመኝና ካርቶኑን ዘጋሁት።

ያኔ በእንስሳት ጤና ተመርቄ ሥራ ከያዝሁ ዓመት አልሞላኝም። የተመደብሁት ስማዳ ውስጥ፣ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ ክፉዎች አልነበሩም። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ከንፋስ መውጫ ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ ሰው ፀጉሩ ድረስ አቧራ ለብሶ ይወርዳል። እኔ ዓይነ አፋር ነበርሁ። ሰዎች «ዶክተር» እያሉ ሲጠሩኝ «ዶክተር እንኳ አይደለሁም» ለማለት ስለማፍር ዝም ብዬ አቤት እል ነበር።

ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር በሬ የሚያርድ የለም። በሥጋ ቤቱ ጓሮ የሚኖሩት ውሾች ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። ከነሱ አንዷ፣ የኋላ እግሯን የምታነክስ ቡላ ቀለም ያላት፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ተከትላኝ መጣች። በሩን ብዘጋባት ደጁ ላይ ተኛች። በማግስቱም እዚያው ነበረች። እንጀራ በሽሮ ፈትፍቼ ሰጠኋት። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ወጥተው አዩና፣ «ሽሮ የምትበላ ውሻ! ይቺስ ከኛ የባሰች ጾመኛ ናት» ብለው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ አትግባ ማለት ስላልቻሉ ገባች። ስሟንም ቡላ አልኋት። እዚያ ከተማ ውስጥ ሳላፍር የማወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር።

የጾሙ አጋማሽ ላይ ከቆላ የመጣ ያበደ ውሻ ሁለት ላሞችና አንዲት ሴት ነከሰ። ሴትዮዋን ሐኪም ቤትም ጠበልም አመላልሰዋት ዳነች፤ ላሞቹ ግን ሞቱ። ከተማው ተሰብስቦ መከረ። የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለት፤ ክትባቱ ካለቀ በኋላ በሚመጣው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መርዝ የተቀባ ሥጋ የያዙ ሰዎች ይዙሩና ክር ለሌለው ውሻ ሁሉ ይጣሉለት ተባለ። ክትባቱም ክሩም የእኔ ሥራ ሆነ። ከሰኞ ጀምሮ በየቤቱ እየዞርሁ፣ ባለቤቱ አፉን ሲይዝልኝ እየወጋሁ፣ ክር እያሰርሁ ሰነበትሁ። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ክሩ አለቀ፤ ገና ያልተከተበው ግን ግማሽ ከተማ ነበር።

ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድሁ። ጨው፣ ኩራዝ፣ መርፌና ክር የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«ቀይ የለም ልጄ» አሉኝ። «ከገበያ ቀን በፊት አይመጣም። ያለኝ ይኸ ጥቁሩ ነው። እሱንም እናንተ ለማተብ ስለምትፈልጉት ነው የማመጣው።»

«ምንም አይደል፣ እሱን ይስጡኝ።»

ጥቅሉን አንስተው ሳይሰጡኝ ቆዩ። «ለውሾቹ?»

«ለውሾቹ።»

«እኔ እስላም ነኝ፣ ምን አገባኝ» አሉ። «ግን መሪጌታን ጠይቀሻል?»

መጠየቅ ማለት ወደ መሪጌታ ግቢ መሄድ፣ ዜማ በሚያጠኑት ተማሪዎች መካከል ማለፍ፣ ሁሉም እያየኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስረዳት ማለት ነው። ክር ክር ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ይህን ሳስብ ክርስትና ስነሣ ካሰሩልኝ ቀን ጀምሮ ከአንገቴ ያልተለየው የራሴ ጥቁር ማተብ ከሸሚዜ በታች ነበር። በሌላው ነገር ሁሉ ጠንቃቃ ነበርሁ፤ መርፌ እንኳ ሦስት ጊዜ የምቆጥር ሴት። ያን ዕለት እንዴት እንዳመለጠኝ እስካሁን አይገባኝም።

ዓርብና ቅዳሜ የቀሩትን በጥቁሩ ክር ጨረስሁ። ቡላን የከተብሁት ከሁሉም በኋላ ነው። የራሷን አስቀደመች እንዳልባል ፈርቼ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የአንድ ገበሬ ውሻ ጌታውን ተከትሎ መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተኝቷል። መሪጌታ ሲወጡ አዩትና ቆሙ። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ቆመ። «ማተብ! በውሻ አንገት!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ሴቶቹ አማተቡ። ከወንዶቹ አንዱ ምላጭ አወጣና የውሻውን ክር ቆረጠ። ከዚያ ወሬው ከኔ ቀድሞ ከተማ ገባ፤ በየደጁ ክር ሲቆረጥ አየሁ። በሁለት ቀን ያሰርሁት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

የሰንበቴ ማኅበርተኞች እንደ ልማዳቸው ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ባለችው ቤት ተቀምጠው ዳቦና ጠላ ይቀማምሳሉ። መሪጌታም እዚያ ናቸው። በሩ ላይ ቆምሁ።

«እልል በሉ፣ የክርስትና እናቲቱ መጣች!» አለ አያ ደርሶ የሚባለው ቀልደኛ ገበሬ። «ለኔ ውሻ ማን ብለሽ ስም አወጣሽለት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ተው አያ ደርሶ፣ ተምራ የመጣች ልጅ ናት» አሉ አንዲት ሴት።

«ተምራ ነዋ! ያልተማረማ ውሻ ክርስትና ያነሣል?»

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ነይ ልጄ። ምን ነክቶሽ ነው?»

«ቀይ ክር አልቆብኝ ነው መሪጌታ። ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፈርሁ።»

«እኔን አፍረሽ እግዜርን ደፈርሽ።»

እንዲያው ይቅርታ ብዬ መውጣት ፈለግሁ። ግን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መርዙ ሊዞር ነው።

«መሪጌታ፣ ነገ ክር የሌለው ሁሉ ሊሞት ነው። እነዚህ የተከተቡ ናቸው።»

«ይሙቱዋ!» አለ አያ ደርሶ። «ውሻ መች ጠፍቶ? ከቆላ ሌላ ይመጣል።»

«ችግሩ እሱ ነው» አልሁ። «የሚመጣው ያልተከተበው ነው። እነዚህ በየደጃቸው ካሉ ሌላ ውሻ አያስገቡም። እነሱ ከሞቱ ያበደውም ዘው ብሎ ይገባል። በየበሩ ቆመው በእንተ ስማ ለማርያም የሚሉት የእርስዎ ተማሪዎች ናቸው። እኛ በራችንን እንዘጋለን፤ የሚነከሱት እነሱ ናቸው።»

በሕይወቴ በሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ቀይ ጨርቅ ያላችሁ አምጡላት» አሉ። «ክር አይሁን። በአንገቱም አይሁን፣ በጅራቱ ይታሰር። መርዝ ለሚያዞሩትም ንገሯቸው።»

«በጅራቱ!» አለ አያ ደርሶ፤ መሪጌታም ራሳቸው ፈገግ አሉ።

ሴቶቹ አሮጌ ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ፣ ያገኙትን ቀይ ነገር ቀደዱልኝ። እስከ ማታ ድረስ በየደጁ ዞርሁ። ውሾቹ ጅራታቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ለመንከስ ክብ ይዞራሉ፤ ልጆች ይስቃሉ፤ ጠዋት የሰደቡኝ ሰዎች የውሻቸውን አፍ ይይዙልኛል። በቤታችን ደጅ ሁለት ጊዜ አለፍሁ። ቡላ ግቢ ውስጥ ናት፣ መጨረሻ ላይ አስርላታለሁ ብዬ አልገባሁም።

ስገባ እትዬ ጥሩነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ቡላስ?» አልኋቸው።

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ከቅዳሴ ስመለስ ቆረጥሁባት። ደነገጥሁ ልጄ። ውጭልኝ ብዬ በዱላ አባረርኋት። ለምሳ ትመለሳለች ብዬ ነበር።»

ፈለግኋት። በሥጋ ቤቱ ጓሮ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ በገበያው ቦታ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ሰው ካየኝ ዓይን በኋላ ስሟን በመንገድ ላይ ጮክ ብዬ ለመጥራት አፈርሁ። በሹክሹክታ ነበር የምጠራት።

አሁን ያን ሳምንት ሳስበው የምወቅሰው ሰው አላገኝም። እትዬ ጥሩነሽ የቆረጡት ውሻ ጠልተው አልነበረም፤ ያከበሩትን ነገር ወድቆ ስላዩት ነው። መሪጌታም እውነታቸውን ነው። በዚያ ክረምት ከተማዋ ውስጥ ያበደ ውሻ አልታየም፤ ቀይ ጅራት ያላቸው ውሾች ጨርቁ እስኪበጣጠስ ድረስ በየደጁ ይታዩ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኝም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቄሱንም ሼሁንም ሄጄ እጠይቃለሁ። ግን አንድን ነገር በትክክል ለመሥራት ሰው ስንት ጊዜ እየተሳሳተ መማር እንዳለበት ሳስብ ይደክመኛል። ሰው ለተማረው ትምህርት የሚሞተው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ነው።

ያን ሰኞ ጠዋት፣ መርዙ ከዞረ በኋላ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቡላን ከመንገዱ በታች ባለው ደረቅ ቦይ ውስጥ ሞታ አገኘኋት። አንገቷም ጅራቷም ባዶ ነበር። እንዲሁ ከተተወች ሥጋዋን የበላው ጥንብ አንሣም ቀበሮም ሌላ ውሻም እንደሚሞት አውቅ ነበር። ተመልሼ ዶማ ስጠይቅ እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ አውጥተው ሰጡኝ። የመጋቢት መሬት ድንጋይ ነው። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ጄሪካናቸውን እንዳዘሉ ከላይ ቆሙ።

«ትናንት ማተብ፣ ዛሬ ደግሞ መቃብር!» አለች አንዷ። «ፍትሐቱንስ ማን ሊያደርስላት ነው?»

«ተያት፣ እያለቀሰች ነው» አለቻት ሌላዋ።

ስለ መርዙ፣ ስለ ጥንብ አንሣዎቹ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ትናንት በሰንበቴው እንዳደረግሁት ቃል በቃል ማስረዳት። ዞር አላልሁም። ጉድጓዱ ገና ጉልበቴ ድረስ አልደረሰም ነበርና ዶማውን አነሣሁ።