በምትኬ የሄደው ሰው

ኅዳር 12 ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከቆቦ መናኸሪያ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የያዝኩት ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ኮትና ውጭ አገር ለሚሰጥ የጋዜጠኞች የአጭር ጊዜ ሥልጠና የግብዣ ደብዳቤ ነበር። ጎብዬ ስንደርስ ባለቤቴ ደወለችና «ሞላ፣ ሹራብህን ትተኸው ሄድክ» አለችኝ። «ለሦስት ሳምንት ነው፤ ይቆየኝ» አልኳት። ሹራቡ አሁን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ያልተመለስኩበትን ምክንያት ጥገኝነት ስጠይቅ ለመርማሪው ስምንት ሰዓት ሙሉ አስረድቻለሁና እዚህ አልደግመውም።

ያለሁት እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። ብርዱን ሰው ይለምደዋል። እኔ ያልለመድኩት በክረምታቸው አሥር ሰዓት ሳይሞላ መምሸቱን ነው። ቆቦ ላይ በዚያ ሰዓት ሰው ገና ጥላ ይፈልጋል። የማሽላ እንጀራም የለም፤ የሩዝ ዱቄት እየቀላቀልን የምንጋግረውን እንጀራ እንለዋለን እንጂ ወጡን እንኳ በወጉ አይሸከምም።

የምሠራው ዕቃ በቫን ማድረስ ነበር። መስመሩን የሚሰጠኝ፣ ሰዓቱን የሚወስነው ድርጅቱ ነው። ቫኑም የለበስኩት ጃኬትም የድርጅቱ ነው። የፈረምኩት ወረቀት ግን «ሰልፍ ኢምፕሎይድ» ይለኛል፤ የማንም ሠራተኛ ያልሆነ፣ ራሱን የቻለ ነጋዴ እንደማለት ነው። ነጋዴ ከሆንክ ብትታመም የሕመም ፈቃድ የለህም፤ ቢያባርሩህም «ለምን?» ብለህ አትከስም።

ቤት ልከራይ ስሄድ የቤቱ ባለቤት «አሠሪህ ደብዳቤ ይጻፍልህ» አለኝ።

«አሠሪ የለህም፣ የራስህ አሠሪ አንተው ነህ ይሉኛል።»

«እንግዲያው አንተው ጻፋ!»

ጽፌ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ አነበበውና «ስላንተ ጥሩ ጥሩውን ይናገራል» አለ። «ግን ፈራሚው የሚታመን ሰው መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

በመስከረም ካርቶን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ወደቅሁና የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ለተቆጣጣሪው የሁለት ሳምንት እረፍት እንደሚያስፈልገኝ ነገርኩት። በማግሥቱ ሥራ የሚመድብልን የስልክ አፕ ተዘጋብኝ። ሥራዬን እንዲመልሱልኝ ከሰስኩ። ዳኛዋ መጀመሪያ የሚወስኑት አንድ ነገር ነበር፤ ሠራተኛ ነኝ ወይስ ነጋዴ? ነጋዴ ከተባልኩ ክሱ እዚያው ላይ ይቆማል።

ምስክርነቴን በራሴ እጅ ጻፍኩ። ታታሪነቴ ይታይ ብዬ፣ ትኩሳት የያዘኝ ቀን እንኳ መስመሬን እንዳላጓደልኩ፣ በምትኬ የሥራ ባልደረባዬን፣ የቆቦ ጎረቤት የዋጃ ልጅ የሆነውን ሰይድን እንደላክሁ ጨመርኩበት። በእኛ አገር ወንፈል አለ፤ ማሽላ ሲደርስ ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ያጭዳል። በተራው ቀን የታመመ ሰው ወንድሙን ይልካል። ዝም ብሎ የቀረ ይታማል፣ ሰው የላከ ይመሰገናል። እኔም የምመሰገን መስሎኝ ነበር።

በነጻ የምታግዘኝ ጠበቃ ያቺን አንቀጽ ያየቻት ጽሑፉ ለድርጅቱ ከተላከ በኋላ ነው። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«አቶ ሞላ፣ ይህን ጻፍ ብሎ ማን መከረዎት?»

«እውነት ነው።»

«ችግሩ እውነት መሆኑ ነው። ሠራተኛ ራሱ ይመጣል። በምትኩ ሌላ ሰው መላክ የሚችለው ነጋዴ ነው ይላሉ። አንዷን ቀን ይዘው ነው የሚከራከሩት።»

መውጫው አንድ ብቻ ነበር። ያን ቀን ተቆጣጣሪው ሰይድን በር ላይ አስቁሞ «ሁለተኛ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢመጣ መስመሩን ይነጠቃል» ብሎታል። ይህ ከተረጋገጠ፣ ሰው የመላክ መብቴ የፈረምኩት ወረቀት ላይ ብቻ እንደነበር ይታያል። የሰማው ግን ሰይድ ብቻ ነው፤ ሰይድ ደግሞ እዚያው ይሠራል።

እንዲመሰክርልኝ ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ።

«ጋሽ ሞላ፣ ያን ቀን አብሬው ነው የሄድኩት፣ እሱም ነበር ብልስ?»

«አልነበርኩም።»

«ምናለ ጋዜጠኝነቱን ቆቦ ትተኸው በመጣህ!»

«የሰማኸውን ብቻ ተናገር።»

«የሰማሁትን ከተናገርኩ ወላሂ እኔንም ያወጡኛል። ሦስት ልጅ ነው ያለኝ።»

መልስ ሳይሰጠኝ ተለያየን። ሦስት ቀን ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ረቡዕ ዕለት ቆቦ ደውዬ ነገሩን ለአባቴ አጫወትኩት።

«ልጁ ያንተን ቀን ሠራልህ» አለ አባቴ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አንተስ የሱን ቀን መለስክለት?»

«አልመለስኩም።»

«እንግዲያ ወንፈል ያለብህ አንተ ነህ። ሳትመልስ ሌላ ቀን ትጠይቃለህ እንዴ? ይሄን የት ተማርከው?»

ስልኩን እንደዘጋሁ ሰይድ ጋ ደወልኩ። «አትምጣ፤ አልቀየምህም» አልኩት። «እሺ» ብሎ ዘጋ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ችሎት ገባሁ። የድርጅቱ ጠበቃ በምትኬ ሰው ልኬ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ልኬያለሁ» አልኩ። «ማንም ሳያስገድድዎት?» አለ። «ማንም ሳያስገድደኝ» አልኩ። ጻፈው። ጠበቃዬ ቀና ብላ አላየችኝም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰይድ የድርጅቱን ጃኬት እንደለበሰ ገባ። ጠበቃዬ ቃሉ እንዲሰማ ጠየቀች፤ የድርጅቱ ጠበቃ ተቃወመ፤ ዳኛዋ ፈቀዱ። ሰይድ በር ላይ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ።

«ከአቶ ሞላ ጋር ዝምድና አላችሁ?» አለ የድርጅቱ ጠበቃ።

«የአገሬ ልጅ ነው።»

«ጓደኛህ ነው ማለት ነው?»

«ጓደኛዬስ አይደለም» አለ ሰይድ። «ትናንት አትምጣ ብሎኛል።»

ዳኛዋ ውሳኔው በፖስታ እንደሚላክ ነግረው ችሎቱን ዘጉ። ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ አልደረሰም።

ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሰይድ አፑን ከፈተ። መስመር አልተመደበለትም።