የተደፈነው ሦስተኛ አፍ

በደርግ ጊዜ በወረታ ሬዲዮ መጠገን የሚያስፈራ ሥራ ነበር። የሬዲዮን ሆድ ከፍቶ የሚያይ ሰው፣ ባለቤቱ ምን ሲሰማ እንደሚያመሽም ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። ደንበኞቼ ሬዲዮአቸውን ሊያመጡልኝ ሲነሡ ጣቢያው እንዳይታወቅ አስቀድመው መርፌውን እስከ ዳር ይገፉት ነበር። እኔም ባይም እንዳላየሁ ሆኜ መሥራትን ለመድሁ።

ይፋግ ላይ አንድ ሰው፣ ሬዲዮው ጥርት ብሎ እንዲሰማለት ከጣራው እስከ ባሕር ዛፉ ረጅም ሽቦ ዘርግቶ ነበር። «መልእክት ያስተላልፋል» ተብሎ ተወሰደ። እኔ ይህን የምተርከውን ሥራ ስቀበል ሰውየው ገና አልተመለሰም። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ የአንቴና ገመድ በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ሱቄ ሲገባ፣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ሳይሆን ከውጭ ማን እንደሚያየን ነው።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ የመጣ የካርታ ሥራ ባለሙያ ነበር። ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ክረምት የፎገራ ሜዳ ሁሉ ውኃ ሲሆን ብቻዋን የምትቀር ጉብታ አለች። ድንኳኑን እዚያ ተክሏል። ሥራው፣ ሰማይ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚልኩትን ድምፅ በአንቴና ተቀብሎ ያች ጉብታ በምድር ላይ ያለችበትን ትክክለኛ ቦታ ማወቅ ነው።

«ሳተላይቱ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። ከዚያ ተነሥተን እናሰላለን» አለኝ።

ይህ ገባኝ። አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

መሐንዲሱ ግን መሣሪያዎቹን አያምናቸውም ነበር። ሦስት መቀበያ ተመድቦለታል፤ ሦስቱንም በአንድ አንቴና ሊያስኬዳቸው ይፈልጋል። «እያንዳንዱ የየራሱ አንቴና ካለው፣ ውጤታቸው ሲለያይ ጥፋቱ በአንቴናው ይሳበባል። በአንድ ጆሮ ሰምተው የተለያየ ቃል ከሰጡ ግን ውሸታሙ መቀበያው ራሱ ነው» አለ።

«ሁለት አይበቁም?» አልሁት።

«ሁለቱ ከተለያዩ የትኛው እንደ ዋሸ ማን ይነግረኛል?»

ድምፁን ለሦስት የሚያካፍለው ዕቃ መንገድ ላይ ተሰብሮበት ነበር። እንዴት እንደሚሠራ ነድፎ አሳየኝና እንድሠራለት ጠየቀኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሥዕሉን ካየሁት በኋላ እጄ አላርፍ አለኝ።

የአንቴናን ገመድ ዝም ብሎ ለሦስት መቀጠል አይሆንም። አንቴናው ሥር ድምፁን የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ አለ። ማጉያው የሚሠራበት የባትሪ ኃይል ከመቀበያው ተነሥቶ በዚያው ገመድ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስቱም መቀበያዎች ኃይል ከላኩ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ስለዚህ አንዱ ብቻ እንዲልክ ፈቅጄ በሁለቱ መንገድ ላይ ኮንደንሰር አስገባሁ፤ ኮንደንሰር ድምፁን ያሳልፋል፣ የባትሪውን ኃይል ይመልሳል። ድምፁን እኩል የሚያካፍሉትን የሬዚስተሮች እግር እኩል እኩል ቆርጬ፣ ከሰል ላይ በጋለ መበየጃ በባዶ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ በየድኋቸው። ለቆርቆሮው አንድ መግቢያና ሦስት መውጫ አፍ አወጣሁለት።

ድንኳኑ የደረሱት ግን ሁለት መቀበያዎች ናቸው። ሦስተኛው አዲስ አበባ ቀረ አለኝ መሐንዲሱ። ባዶ የቀረውን አፍ ክፍት መተው አይቻልም፤ ወደዚያ የሄደው ድምፅ ተመልሶ የሌሎቹን ያውካል። በአንዲት የብረት ክዳን ውስጥ ሬዚስተር በይጄ ደፈንሁት። እንዲህ ሲደረግ መሥመሩ መቀበያ ያለበት ይመስለዋል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባልነገርሁት ኖሮ!

ሊቀመንበሩ በማግስቱ ጠዋት ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ጉብታዋ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው ከአንቴናው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞረው።

«ስንት መኪና ነው ያላችሁ?» በእኛ አገር የሚሠራ ብረት ሁሉ መኪና ነው።

«ሁለት መቀበያ» አለ መሐንዲሱ።

«አፉስ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ሦስተኛው የማን ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«በዚህ ማኅበር ውስጥ የማንም ያልሆነ ነገር የለም፤ ሁሉም ታውቋል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የሠራኸው አሉ። ክዳኑ ውስጥ ምን አለ?»

«ሬዚስተር ነው። መቀበያ ሳይኖር ያለ እንዲመስለው ነው።»

«እንዲመስለው! ማንን ነው የምታታልሉት?»

«ገመዱን» አልሁ።

ጠባቂው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ገመድም ይታለል ጀመር? ጉድ በል ፎገራ!»

መሐንዲሱ ከበላይ የተጻፈ ፈቃድ ስላለው ሊነካው አልቻለም። እኔ ግን ፈቃድ የለኝም፤ ቆርቆሮውንም የበየድሁት እኔ ነኝ። «ነገ ወደ አውራጃ የሚሄድ መኪና አለ» አለኝ። «ወይ እዚህ ታስረዳናለህ፣ ወይ እዚያ ታስረዳለህ።» የይፋጉን ሰው አሰብሁ። እሱም የሄደው ሊያስረዳ ነበር።

ሊቀመንበሩ የኤሌክትሪክ ነገር አያውቅም፤ ይህንንም ያውቃል። ስለዚህ ማካፈል የሚያውቅ ሰው አስጠራ። ከርብ ወንዝ ተጠልፎ በየማሳው የሚገባውን ውኃ በተራ የሚያካፍሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የውኃ አባት ይባላሉ። የየሰዉን የቦይ አፍ የሚከፍቱትና የሚደፍኑት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ተራው ሳይደርስ ውኃ የሚሰርቅበትን ዘዴ ሁሉ ያውቃሉ።

«እንደምን አረፈዳችሁ?» አሉ ዘንጋቸውን ተክለው። «ጌታው፣ ይኼ ነው የሰማዩ ቦይ?»

«ጌታ ቀርቷል፣ አባት። ጓድ ነው የሚባለው» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሽ። ጓድ ጌታው፣ ይኼ ነው?»

መሐንዲሱ ከአንቴናው ጀምሮ እስከ ድንኳኑ እየጠቆመ አስረዳቸው። ከገመትሁት በላይ ፈጥኖ ገባቸው።

«ለሦስት ሲከፈል ያንስ የለም?»

«ያንሳል።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁለት?»

«ላይ ማጉያ አለው።»

«እ! ከምንጩ አጠንክራችሁታል። ደግ።»

ተረፍሁ ብዬ ተነፈስሁ። ሽማግሌው ግን ቆርቆሮውን በዘንጋቸው ጫፍ ቀስ ብለው አዞሩት።

«ይቺን የተደፈነችዋን ማን ቀደዳት?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ለማን?»

«ለሚመጣ መቀበያ።»

«መጣ?»

«አልመጣም።»

ቀጥለው የተናገሩት ለእኔ ሳይሆን ለቆርቆሮው ይመስል ነበር። «እኔ ቦይ ለቦይ ስዞር ነው የሸበትሁት። ለማንም ሳይታሰብ የሚቀደድ አፍ አላየሁም። ቀድዶ፣ አሳምሮ የሚደፍን ሰው ግን አይቻለሁ። እሱ እኔ ዞር ስል የሚከፍተው ነው።»

ሊቀመንበሩ ፊቱ በራ። ሽማግሌው ስለ ውኃ ያሉት ሁሉ እውነት ነው።

እሳቸው የተጠረጠረ አፍ ሲያጋጥማቸው የሚያደርጉት ነገር አለ። አፉን በጭቃ መርገው በአውራ ጣታቸው ያትሙበታል። ተመልሰው ሲያዩት ማኅተሙ ካልተነካ ባለማሳው ንጹሕ ነው። ከተሰበረ ሙግት የለም፤ ለዚያ በጋ ውኃ አያገኝም። ከጉብታዋ ግርጌ ጥቁር የዋልካ አፈር አስመጥተው በውኃ አላቆጡት። ክዳኑን ከነቆርቆሮው መረጉና አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ከተሰበረ ሙግት የለም ነው ያሉት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የለም።»

«ሰማህ?» አለኝ። ጠባቂውን ትተውልን ሁለቱም ወረዱ። እኔም ከጉብታዋ እንዳልርቅ ታዘዝሁ።

የበጋው መጨረሻ ስለነበር ፀሐዩ ያነድዳል። ጠባቂው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በድንኳኑ ጥላ ተቀመጠ። መሐንዲሱ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተመላለሰ ገመዶቹን ያያል። እኔ ቆርቆሮውን ትኩር ብዬ ማየት ፈራሁ፤ የሚያየው ሰው ሊነካው ያሰበ ይመስላል። ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ ከብቶች ስቆጥር ቆየሁ። ዘወር ስል ጭቃው ተሰባብሮ መሬት ላይ ወድቋል።

አልጮኽሁም። መጀመሪያ ያሰብሁት ጠባቂውን ነው፤ እኔን ለማስያዝ ተልኮ እንደሆነስ? ቀጥዬ መሐንዲሱን አሰብሁ። ገመዶቹን ሲነካካ ነበር። ሦስተኛው መቀበያ አዲስ አበባ ቀረ ያለኝም እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ምስክር የለኝም። ቢያንስ ክዳኑን ከፍቼ ሬዚስተሯ ውስጥ መኖሯን ባየሁ ብዬ ተመኘሁ። መክፈት ግን አልችልም።

«ወደቀ!» አለ ጠባቂው ከኋላዬ። «ኧረ ወደቀ! አንተ፣ ምን አደረግኸው?»

«ከዚህ አልተነሣሁም።»

«እኔ ምን አውቄ! አልነካሁም በላቸው፣ እኔም አላየሁም እላቸዋለሁ።»

በጠባቂው ጩኸት ሲመለሱ ሊቀመንበሩ ከሽማግሌው ቀድሞ ደረሰ። «ሙግት የለም ተብሏል። ዕቃህን ያዝ።»

«ልያት» አሉ ሽማግሌው ከኋላ እየደረሱ። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ አነሡ። የአውራ ጣታቸው ምልክት በትልቁ ጓል ላይ ሳይነካ ሙሉውን ነበር። ገለበጡት፤ በጀርባው በኩል የክዳኑ ቅርጽ ሳይጎድል ተቀርጿል። ጫፉን በጣታቸው ፈረፈሩት።

ብዙ ቆዩ። ለምን እንደሚቆዩ ሁላችንም አውቀናል። ዛሬ «ጭቃው በራሱ ወደቀ» ካሉ፣ ነገ ማኅተም የሰበረ ሁሉ «የእኔም በራሱ ነው» ይላቸዋል።

«ቦይ ላይ ጭቃዬ ውኃ አይለየውም» አሉ በመጨረሻ። «ይኼ ቆርቆሮ ግን እንደ ምጣድ ግሏል። ዋልካ ሲጠማው እናቱንም ይለቃል። እደግመዋለሁ። አሁን ሁላችን እያየነው ይድረቅ።»

ከዚያው ጭቃ እንደገና መረጉ፤ እንደገናም አተሙ። አምስታችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። ጭቃ ሲደርቅ የሚመለከት ስብሰባ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም። የጠባቂው ጥላ ሲያርፍበት ሊቀመንበሩ «ዞር በል፣ ታቀዘቅዘዋለህ» አለ። መሐንዲሱ ሲያስነጥሰው ሁላችንም ዞረን አየነው። ጥቁሩ ጭቃ ከዳሩ እያመዳ መጣ። ከዚያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከክዳኑ ጎን ተነሣች፤ ሌላይቱ መጥታ አገኘቻት። ማንም እጁን ሳያነሣ ጓሉ ተላቀቀና መሬት ላይ ዱብ አለ።

ጠባቂው «ወይ ጉድ!» አለ።

«አሁን በራሱ ወደቀ» አለ ሊቀመንበሩ። «ቅድም ግን በራሱ ለመውደቁ ምን ማስረጃ አለ?»

መሐንዲሱና እኔ ሽማግሌውን አየናቸው።

«እውነትህን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ቅድም አላየሁም። ባላየሁት ደግሞ የሰው ውኃ ዘግቼ አላውቅም። ማኅተሙ የእኔ ነው፤ ጭቃውንም የመረጥሁት እኔ ነኝ። ልጁን የምትወስደው በእኔ ማኅተም ከሆነ፣ አይሆንም። በሌላ ከሆነ አንተ ታውቃለህ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ሜዳው ቦዮች አየ። ሽማግሌው ቦዩን ጥለው ቢሄዱ በማግስቱ ገበሬው ሁሉ በውኃ እንደሚፋጅ ያውቃል። «እንግዲያው አፉ ይውጣ» አለ። «እዚሁ፣ ዓይናችን እያየ።»

ከሰል አነደድሁ። ሦስተኛውን አፍ ከነክዳኑ ፈታሁና ቀዳዳውን በቁራጭ ቆርቆሮ በየድሁበት። የቀሩት ሁለቱ እኩል እንዲካፈሉ ሬዚስተሮቹን ስለውጥ ሊቀመንበሩ እያንዳንዷን «ይቺስ?» እያለ ጠየቀኝ። የወጣውን አፍ ተቀብሎኝ ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው፤ አዳመጠው፤ ኪሱ ከተተው።

«ሁለቱ ከተለያዩብኝስ?» አለ መሐንዲሱ።

«የትኛው እንደ ዋሸ መርምሩ፣ ጓድ። እኛ ምን ስንሠራ የዋልን መሰለዎት?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ሂድ ወደ ሱቅህ። የት እንዳለህ እናውቃለን።»

ከጉብታዋ ወረድሁ። ሽማግሌው ቀድመውኝ ወደ ቦያቸው አቅጣጫ ይሄዱ ነበር። ደርሼባቸው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አልሁ።

ሳይቆሙ ጥቂት ሄዱ። ከዚያ ወደ ጉብታዋ መለስ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዲያው ልጄ፣ አሁን ማንም የለም። ሦስተኛው መኪና እውነት አዲስ አበባ ነው ያለው?»

«አላውቅም፣ አባቴ» አልሁ። እውነቴን ነበር።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ጭቃው ግን በራሱ ነው የወደቀ።»

ዘንጋቸውን ይዘው በማሳው መካከል ገቡ። እኔ ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ያዝሁ።