የጭኑ ጊታር ይጠገን ወይስ ይቅር

ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይላታል። ቅጥነቷን ዓይቶ አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያለች ሴት ናት። የተቃጠለ የፓምፕና የወፍጮ ሞተር ሲመጣላት አሮጌውን ሽቦ ነቅላ አዲስ የምትጠቀልል እሷ ስለሆነች ነው። እኔ ከጎኗ ልብስ እሰፋለሁ። መሃላችን ያለው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ስትሳደብ አንድም ቃል አያመልጠኝም። ደግሞ ትሳደባለች! ከሞተር ጋር እንደ እሷ የሚጣላ ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን ጠዋት የወንድሟ ሚስት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ መጣች። ሲፈታ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ግን ደረት ላይ የሚይዙት ዓይነት አይደለም። ጭን ላይ አጋድመው፣ በግራ እጅ ብረት ክሮቹ ላይ እያንሸራተቱ በቀኝ የሚመቱት ነው። ቀለሙ ተላልጧል፣ ጠርዙን ነቀዝ በልቶታል። ወንድሟ በጉብዝናው ዘመን በየሠርጉ እየዞረ ይጫወትበት ነበር።

ወንድምየውን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ዝሏል፣ አንደበቱም ተይዟል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛቱ ነው። እጁን ልታንቀሳቅስለት የምትመጣው ባለሙያ ብትለምነው፣ ብታባብለው፣ እምቢ አለ። ሚስቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሌላ ዕቃ ስትፈልግ ይህን ጊታር ብታወርድ ጊዜ ነው ዞር ብሎ እጁን የዘረጋው።

“ሙዚቃ ዕቃ ጠጋኞቹ ጋ ወስጄው ነበር” አለች ሚስትየው። “ድካሙ አያዋጣም፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት አሉኝ። ድምፁ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። እኔ ፈራሁ እታለም። ተስፋ ካደረገ በኋላ እምቢ ቢለውስ? ዳግመኛ ከግድግዳው የሚዞር አይመስለኝም። ብንተወው አይሻልም?”

“ልትተዪው ከሆነ ለምን ተሸክመሽ መጣሽ?” አለቻት ሽቦ። “አስቀምጪልኝና ሂጂ። ዓይቼ እነግርሻለሁ።”

ሴትየዋ ስትሄድ እኔም መቀሴን ጥዬ ገባሁ። ወሬ አይለፈኝ ባይ ነኝ፣ ምን ልደብቅ። ሽቦ ከክሮቹ ሥር ያለችውን ድምፅ የምትቀበል ነገር ፈታ አወጣች። ማግኔት ላይ የተጠመጠመ፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው።

“ድምፁ ማለት ይቺ ናት” አለችኝ። “የተበጠሰው ከላይ ከሆነ በካውያ በይጄ አገናኘዋለሁ። ከውስጥ ከሆነ ግን ሁሉንም አራግፎ እንደ አዲስ መጠቅለል ነው። ያኔ መጮሁን ይጮሃል፣ የወንድሜ የጋሼ ድምፅ ግን አይሆንም።”

“ከላይ ይሁን ከውስጥ በምን ታውቂያለሽ?”

እጇ ዕድሜ ልኩን የለመደውን አደረገ። ሞተር ሲመጣላት ገና ከበሩ የሽቦውን ጫፎች ከመሞከሪያ አምፖሏ ጋር አያይዛ ሶኬት ላይ ትሰካለች። አምፖሉ ከበራ ሽቦው አልተበጠሰም ማለት ነው። ይቺንም እንደዚያው አያይዛ ሰካች። አልበራም። “አልነካም እንዴ?” ብላ ጫፎቹን በፒንሳ ስትነካካ የሚቃጠል ነገር ሽታ አፍንጫዬን መታው።

“ንቀዪው! ንቀዪው!”

ነቀለችው፤ ግን አልፎ ነበር። የወፍጮ ሞተር የሚችለውን መብራት ያቺ ፀጉር የምታህል ሽቦ ከየት ትችለዋለች? ውስጥ ለውስጥ ነዳለች። ሽቦ ምንም አልተሳደበችም። አንድ አሮጌ ሞተር ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታያለች።

“በአዲስ ጠቅልዪውና ዝም በዪ” አልኳት። “ማን ያውቅብሻል?”

“ብረቱን አንዴ ሲያንሸራትት ያውቃል። ሰው ሁሉ አልጋው ሥር እየቆመ ‘ደህና ነህ፣ ምንም አልሆንክም’ ይለዋል። እኔም ልዋሸው?”

አፈርኩ። ጊታሩን እኔ ተሸክሜላት ወደ ወንድሟ ቤት ሄድን።

ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ሰውየው እንደተባለው ግድግዳውን እያየ ተኝቷል። ጊታሩ የበሩን መቃን ገጭቶ ክሮቹ ሲያቃጭሉ ዞረ። ጭኔ ላይ አድርጉልኝ በሚል ዓይነት ጭኑን በግራ እጁ መታ መታ አደረገ። ዓይኑ በራ። እኔ በበኩሌ በዚያች ሰዓት ተመልሼ ብሮጥ ደስ ባለኝ።

ሽቦ ተንበርክካ የተቃጠለችውን ጥቅል መዳፉ ላይ አኖረችለት።

“ጋሼ፣ አቃጠልኩት። ሳላስብ እንደ ወፍጮ ሞተር አምፖል ላይ ሰካሁት። ልጠቀልለው እችላለሁ፤ የድሮው ድምፁ ግን አይመለስም። ይቅር ካልክ ይቀራል።”

“ምነው እታለም! ምነው!” ሚስትየው ፊቷን ያዘች። “ፈርቼ ነበር እኮ! ነግሬሽ ነበር እኮ!”

ሰውየው ጥቅሏን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተታት። ከዚያ አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ዞረ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ሽቦም ዓይኗን ጨፈነች።

አንገቱ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ከታመመ ወዲህ ሁሉም እንደ እንቁላል ነው የያዘው፤ የሚያናድደው ሰው እንኳ አጥቶ ከርሟል። ተመልሶ ዞረ። የግንባሩ ደም ሥር ተገታተረ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፣ ጥቅሏን ደረቷ ላይ ወረወረባት።

“ደ… ደ… ደደብ!”

አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቃል ነው። ሚስትየው እጇን ከፊቷ ላይ አነሳች። ሽቦ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

“እስቲ ድገምልኝ ጋሼ።”

“ደደብ!”

አመልካች ጣቱን አየር ላይ አሽከረከረ። ጠቅልዪው ማለቱ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከሩ ደግሞ አሁኑኑ ማለቱ ነው። ሽቦ ጥቅሏን ከወለሉ አነሳች።

“እሺ ጋሼ” አለችው፣ “ደደቧ ትጠቀልለዋለች።”